ጥላው የማን ነው? የኩር ሚራቦ ጎዳና ታሪክ

ስለ ጎዳና ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ አስፋልቱ ነው፤ መቼ ተሠራ፣ ስንት ፈጀ፣ መቼስ ደግሞ ተቆፈረ…። እኛ ዛሬ ስለ ጥላ ልናወራ ተነስተናል። ጥላም ታሪክ አለው ስንላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ዛፉን ማን ተከለው? ከሥሩ ማን ተናፈሰበት? ማንስ ማዶ ቆሞ ፀሐይ እየመታው ተመለከተ? ብሎ መጠየቅ የጀመረ ሰው የአንድን ከተማ ታሪክ ከዚያው ሊያነበው ይችላል።

ለዚህ ጨዋታችን የመረጥነው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ከተማ የሚገኘውን ኩር ሚራቦ የተባለ ባለዛፍ ጎዳና ነው። ርዝመቱ 440 ሜትር፣ ስፋቱ 42 ሜትር ነው። ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቀስ ብለው ወክ ቢያደርጉበት ከጫፍ ጫፍ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ግን መኳንንት በሠረገላ ተንሸራሽረውባታል፣ የበግ መንጋ ውኃ ጠጥቶባታል፣ ሰው ተሰቅሎባታል፣ የባርኔጣ ሻጭ ልጅ የነበረው ታላቁ ሠዓሊ አድጎባታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግንቡ ሲፈርስ

ኤክስ አሮጌ ከተማ ናት። ሴክስቲዩስ ካልቪኑስ የተባለ ሮማዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ122 ግድም ቆረቆራት፤ ፍል ውኃዋን አይቶ ነውና ስሟም በላቲን "የሴክስቲዩስ ውኃዎች" ተባለ። ከብዙ ዘመን በኋላ የፕሮቫንስ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ግዛቲቱ በ1481 በፈረንሳይ ዘውድ ሥር ስትጠቃለል፣ በ1501 ደግሞ የራሷ "ፓርላማ" ተቋቋመላት። ፓርላማ ስንል ግን ዛሬ የምናውቀው ዓይነት የሕዝብ ተወካዮች ሸንጎ እንዳይመስላችሁ። የያኔው የፈረንሳይ ፓርላማ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነበር። የዳኝነት ወንበሩም በገንዘብ የሚገዛ፣ ለልጅም የሚወረስ ነበር። በዚህ መንገድ በጎራዴ ሳይሆን በዳኝነት ካባ መኳንንት የሆኑ ቤተሰቦች በከተማዋ ተፈለፈሉ።

እነዚህ ባለካባዎች ገንዘብ አላቸው፤ ክብር አላቸው፤ ቦታ ግን የላቸውም። ኤክስ በመካከለኛው ዘመን ግንብ ታጥራ የምትኖር፣ መንገዶቿ የጠበቡ፣ ቤቶቿ የተጣበቁ ከተማ ነበረች። በ1645 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ሚሼል ማዛረን ለዚህ መፍትሔ አመጡ። እኚህ ሰው ገና ሕፃን በነበረው በ14ኛው ሉዊ ስም ፈረንሳይን ያስተዳድሩ የነበሩት የካርዲናል ማዛረን ወንድም ናቸው። ወንድም በቤተ መንግሥት ካለ ፈቃድ አይዘገይም! በ1646 ከግንቡ በስተደቡብ አዲስ ሰፈር እንዲቆረቆር የሚፈቅድ የንጉሥ ደብዳቤ ወጣ። ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ፣ መሬቱ ተሸንሽኖ ተሸጠ። ሊቀ ጳጳሱ በ1648 ቢሞቱም ሰፈሩ እስከ ዛሬ የማዛረን ሰፈር ይባላል።

እንግዲህ በአሮጌው ከተማና በአዲሱ ሰፈር መካከል ግንቡ ተገትሮ ቀረ። ከ1649 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ይኸው የደቡብ ግንብ ፈርሶ በቦታው ሰፊ ጎዳና ተዘረጋ። በላዩም ኤልም የተባለ ዛፍ በአራት ረድፍ ተተከለበት። "ኩር" አሉት። ቃሉ የኢጣሊያኖቹ "ኮርሶ" ዘመድ ሲሆን በሠረገላ እየተንሸራሸሩ የሚናፈሱበት ጎዳና ማለት ነው። ፋሽኑን ወደ ፈረንሳይ ያመጡት ከፍሎረንስ የሄዱት ንግሥት ማሪ ደ ሜዲቺ ናቸው፤ በ1616 በፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር ያስተከሉት "የንግሥቲቱ ኩር" ለብዙ ከተሞች አርአያ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። ግንብ ጠላት እንዳይገባ የሚሠራ ነገር ነው። ግንቡ ፈርሶ የመናፈሻ ጎዳና ሆነ ሲባል ከተማዋ ተከፈተች፣ ሰላም ወረደ ያሰኛል። ለማን ተከፈተች? ሲባል ግን መልሱ ሌላ ነው። ጎዳናው ለሠረገላ የተሠራ ነው። ሠረገላ ያለው ማን እንደሆነ ደግሞ የታወቀ ነው። አመሻሽ ላይ ላይ ታች የሚባለው አገር ለማየት ብቻ አልነበረም፤ ለመታየትም ነበር። ፈረሱ፣ የአሽከሩ ልብስ፣ የእመቤቲቱ ሐር፣ ማን ለማን እጅ ነሣ፣ ማን ማንን አይቶ እንዳላየ አለፈ፣ ይህ ሁሉ በዛፎቹ ሥር ይታይ ነበር።

ከጎዳናው በስተደቡብ ባለው ወገን ትልልቅ ቤቶች ተደረደሩ። ከቀደምቶቹ አንዱን ያሠራው ፒየር ሞሬል የጨርቅ ነጋዴ የነበረና በሀብቱ ወደ መኳንንቱ ተርታ የወጣ ሰው ነው። የቤቱን ሰገነት በጀርባቸው የተሸከሙ ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ሰዎች በሩን ከግራና ከቀኝ ይጠብቃሉ። ጡንቻቸው ተወጣጥሮ፣ ፊታቸው በድካም ተኮማትሮ ይታያል። ባለቤቱ በላይ ቆሞ ይናፈሳል፣ የድንጋይ ሰዎቹ ከታች ይሸከማሉ። የዚያን ዘመን ሥርዓት በአንድ ሥዕል አሳዩን ብትሉን ይህንን በር እናሳያችሁ ነበር።

የበጎቹ ምንጭ

ኤክስ የውኃ ከተማ ናትና ጎዳናው ያለ ፏፏቴ አልቀረም። ከሁሉም በላይ እኛን የማረከችን በ1691 የተሠራችው "የዘጠኝ አፎት ፏፏቴ" ናት። ከአርል አካባቢ ሜዳ ተነስተው በበጋ ወደ አልፕስ ተራሮች የሚነዱ የበግ መንጋዎች የሚያልፉት በዚሁ ነበር፤ ፏፏቴዋም ከጥንት ውኃ በሚጠጡበት ቦታ ላይ ነው የታነፀችው። የገንዳዋ ከንፈር ዝቅ ያለውም በጎቹ እንዲደርሱበት ነው ይባላል። እስቲ ገምቱት፤ በአንድ በኩል ሐር ለብሶ በሠረገላ የሚሽከረከር ዳኛ፣ በሌላ በኩል አቧራ የለበሰ እረኛ ከነመንጋው! የቆየ መብት ቀላል ነገር አይደለም። የመኳንንቱ ጎዳና መጥቶም በጎቹን ከውኃቸው አልነቀላቸውም።

ሌላዋ በ1734 የተሠራች ሲሆን ውኃዋ ከፍል ምንጭ የሚመጣ፣ ለብ ያለ፣ 18 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ ነው። ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነገር ስላለበሰው ዛሬ ላየው ሰው ቅርጹ አይለይም፤ ቁጥቋጦ ይመስላል። በላይኛው የጎዳናው ጫፍ ደግሞ ፕሮቫንስ በፈረንሳይ ከመጠቅለሏ በፊት የገዛት፣ በ1480 የሞተው ንጉሥ ረኔ የወይን ዘለላ ይዞ ቆሟል። ይህ ሐውልት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በታችኛው ጫፍ በ1860 የቆመችው ትልቋ ሮቶንድ ሦስት የሴት ሐውልቶችን ተሸክማለች። ፍትሕ ወደ ኤክስ፣ ግብርና ወደ ማርሴይ፣ ጥበብ ወደ አቪኞ ይመለከታሉ። ፍትሕ ፊቷን ወደ ዳኞቹ ከተማ ማዞሯ ያለ ምክንያት አይደለም እንላለን፤ ዳኞቹ ይሰሟት እንደሆነ ግን ሌላ ነገር ነው።

ስሙን የሰጠው ሰውዬ

ጎዳናው ሚራቦ የሚለውን ስም ያገኘው በ1876 ነው። ከዚያ በፊት በደፈናው "ኩር" ብቻ ነበር የሚባለው። ለመሆኑ ሚራቦ ማን ነው?

ኦኖሬ ገብርኤል ሪኬቲ፣ ኮንት ደ ሚራቦ በ1749 የተወለደ የመኳንንት ልጅ ነው። ፊቱ በፈንጣጣ የተበሳሳ፣ ምላሱ የተባ፣ ኪሱ ሁልጊዜ ባዶ፣ ዕዳው ሁልጊዜ ሙሉ። በ1772 በኤክስ ኤሚሊ ደ ማሪኛን የተባለች የሀብታም ወራሽ አገባ። ቤተሰቡ እምቢ እንዳይለው በማለዳ በሰገነታቸው ላይ በሌሊት ልብስ ታይቶ፣ ሠረገላውንም ደጃፋቸው አቁሞ አገሬውን አስወራ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረካል። ትዳሩ አልሰመረም። አባቱ ራሱ በንጉሥ ትእዛዝ በየእስር ቤቱ አዘዋወረው። በ1783 የመለያየት ክርክሩ በኤክስ ፍርድ ቤት ሲሰማ ሚራቦ ለራሱ ጠበቃ ሆኖ ቆመ። የሚስቱ ጠበቃ ፖርታሊስ ነበር፤ ኋላ የናፖሊዮንን የፍትሐ ብሔር ሕግ ካረቀቁት አንዱ። ሚራቦ ተረታ፤ ነገር ግን አገር ምድሩ ንግግሩን ሲያወራ ከረመ።

በ1789 ንጉሡ ሦስቱን መደቦች፣ ማለትም ካህናትን፣ መኳንንትንና ሦስተኛውን መደብ (ተራውን ሕዝብ) ለጉባኤ ሲጠራ ሚራቦ ከፕሮቫንስ መኳንንት ጋር ሊቀመጥ ፈለገ። መኳንንቱ አስወጡት። ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሕዝቡም በማርሴይም በኤክስም መረጠው፤ እሱም የኤክስን ወንበር ያዘ። በጉባኤው የአብዮቱ ትልቁ አፍ ሆነ። በ1791 ሲሞት በፓሪስ ፓንቴዮን በክብር ተቀበረ። ከዓመት በኋላ ግን በቤተ መንግሥቱ በተገኘ የብረት ሣጥን ውስጥ ከንጉሡ ጋር በምስጢር ይጻጻፍ እንደነበር የሚያሳዩ ወረቀቶች ወጡና በ1794 አስከሬኑ ከፓንቴዮን ተነቀለ።

ልብ በሉ! ለመኳንንት የተሠራው ጎዳና መኳንንቱ ባባረሩት መኳንንት ስም ተጠራ። ሰውየው ደግሞ ለአብዮቱም ለንጉሡም ያደረ፣ ለማን እንደሚያለቅሱለት የሚያስቸግር ሰው ነው። ስም ሲሰጥ ብዙው ነገር ይረሳል።

በዛፎቹ ሥር የተረሳ ሌላ ታሪክም አለ። በአብዮቱ የቀድሞዎቹ ፓርላማዎች ሲፈርሱ ፓስካሊስ የተባለ የኤክስ ጠበቃ በመስከረም 1790 የፓርላማው የስንብት ችሎት ላይ ተነስቶ ለአሮጌው የፕሮቫንስ ሥርዓትና ልዩ መብት ተሟገተ። በታኅሣሥ 14 ቀን 1790 የተቆጣ ሕዝብ ከእስር ቤት አውጥቶ ከሌሎች ሰዎች ጋር በኩር ላይ ሰቀለው። የፍርድ ሂደት የለ፣ ምስክር የለ። ዕድሜውን በሙሉ በሕግ ሲከራከር የኖረ ሰው ያለ ፍርድ ሞተ። ሕዝቡ የጌቶችን ጎዳና የረገጠበት የመጀመሪያው ትልቅ ቀን የደም ቀን መሆኑ ያሳዝናል። እኛ ይህንን ቀን ለመዝለል አልፈቀድንም። የጎዳናውን ታሪክ በቡናና በአይስክሬም ብቻ የሚተርክ ሰው ግማሹን ነው የሚተርከው።

ደቡቡ ለጌቶች፣ ሰሜኑ ለሕዝብ

አብዮቱ አለፈ። ታዲያ ጎዳናው የሁሉም ሆነ? ሕጉ እኩል ናችሁ አለ፤ እግር ግን የለመደውን መንገድ ቶሎ አይተውም።

ኤሚል ዞላ ልጅነቱን ያሳለፈው በኤክስ ነው። አባቱ ለከተማዋ ውኃ የሚያመጣ ግድብ ያቀደ መሐንዲስ ነበር። በ1847 ሲሞት ቤተሰቡ ለችግር ተጋለጠ። ዞላ ኋላ ልብ ወለዶቹን ሲጽፍ ኤክስን "ፕላሳን" ብሎ ስም ቀየረላት፤ በ1871 በመጽሐፍ በወጣው "የሩጎን ቤተሰብ ሀብት" ውስጥም ኩርን "ኩር ሶቬር" ብሎ ገለጠው። በዚያ ልብ ወለድ እሑድ እሑድ ሕዝቡ ለሽርሽር ሲወጣ መኳንንቱ ትልልቅ ቤቶች ባሉበት በደቡቡ ወገን ይሄዳሉ። ተራው ሕዝብ ቡና ቤቶችና ትንባሆ መሸጫዎች ባሉበት በሰሜኑ ወገን ይሄዳል። የአዲሱ ሰፈር ነጋዴዎች ደግሞ አቋርጠው ወደ ሌላ ጎዳና ይወጣሉ። ሁለቱ ወገኖች ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጎን ለጎን ላይ ታች ሲሉ ቢውሉም አንዱ ወደ ሌላው መስመር ለመሻገር አያስብም።

ዞላ አንዲት ነገር ጣል አድርጓል። የደቡቡ ወገን ፀሐይ ቀድማ የምትለቀው ነው። በፕሮቫንስ በጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከፍ ያሉት ቤቶች ከደቡብ ስለቆሙ ጥላቸው በዚያው በኩል ያርፋል፤ ሰሜኑ ግን ፊቱን ለፀሐይ የሰጠ ነው። መኳንንቱ የወሰዱት መንገዱን ብቻ አልነበረም። ጥላውንም ጭምር ነው!

ደግነቱ ሕይወት ያለው በሰሜኑ ነበር። የሠዓሊው ፖል ሴዛን አባት ባርኔጣ የሚሸጠው በዚሁ ጎዳና ነው። ኋላ ገንዘቡን ሰብስቦ በ1848 ባንክ ከፈተ። በ1839 የተወለደው ልጁ ፖልና ዞላ በትምህርት ቤት የተዋወቁ ጓደኛሞች ነበሩ። በ1792 የተከፈተ አንድ ቡና ቤት ደግሞ በ1840 ሁለት አስተናጋጆች ገዙትና "ሁለቱ አስተናጋጆች" የሚል ስም ወጣለት። በሌላው ወገን ስም የሚወጣው በአባት ርስት ነው፤ እዚህ ግን ሰሃን ሲያመላልሱ የኖሩ ሁለት ሰዎች ስማቸውን ሰቀሉ። ሴዛንና ዞላም ደንበኞቹ ነበሩ። ይህ ቡና ቤት በኅዳር 30 ቀን 2019 በእሳት ሲቃጠል ከተማዋ ዘመድ እንደሞተባት ሆናለች።

በጊዜ ብዛት የደቡቡ ትልልቅ ቤቶች የባንክ፣ የጽሕፈት ቤትና የሱቅ መቀመጫ ሆኑ። የዚያ የጨርቅ ነጋዴ ቤትም የፍርድ ቤት አገልግሎት ሰጥቷል። ዛሬ ዓለም የሚጎርፈው ወደ ሰሜኑ በረንዳዎች ነው። ድንበሩን ያፈረሰ አዋጅ የለም። ቡና የሚጠጣ ሰው በዛ፣ መስመሩን የሚጠብቅ ሰው አነሰ፤ ይኸው ነው።

ዛፎቹም ይሞታሉ

እስካሁን ዛፎቹን እንደ ጌጥ ከኋላ አቁመን ነው ያወራነው። አሁን ወደ ፊት እናምጣቸው።

ጎዳናውን የሚያይ እንግዳ "እነዚህ ዛፎች ከሉዊ ዘመን ጀምሮ እዚህ ናቸው" ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ ኤልሞች ነበሩ። ኤልም ቶሎ ያድጋል፣ ጥላው ድፍን ነው፣ እንጨቱም ለሠረገላ መንኮራኩርና ለመድፍ ማጓጓዣ የሚፈለግ ነበር። የ4ኛው ሄንሪ ሚኒስትር ሱሊ በመላ ፈረንሳይ እንዲተከል ያዘዘው ለዚህ ነው። የኩር ኤልሞች አርጅተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቦታቸው ፕላታን ተተከለ። ፕላታን ቅርፊቱ እየተላጠ ግንዱ ዝንጉርጉር የሚመስል፣ ቅጠሉ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ዛፍ ነው። ቢቆርጡት ያቆጠቁጣል፤ የከተማ አቧራና የተረገጠ መሬት ይችላል።

ለውጡ በጊዜው ማንም ባላወቀው መንገድ ጎዳናውን አድኗል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በትንንሽ ጥንዚዛዎች የሚዛመት የኤልም በሽታ አውሮፓን አዳረሰ፤ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመጣው ሁለተኛው ማዕበል ደግሞ የተረፉትን ትልልቅ ኤልሞች አብዛኛውን ፈጀ። ኩር በኤልም ላይ ቢጸና ኖሮ ዛሬ ራቁቱን በቀረ ነበር።

ታዲያ ፕላታን ዳነ? አልዳነም። በነሐሴ 1944 የአሜሪካና የፈረንሳይ ጦር ፕሮቫንስን ከናዚዎች ለማስለቀቅ በባሕር ሲገባ፣ በታመመ የፕላታን እንጨት የተሠሩ የጥይት ሣጥኖች አንድ ፈንገስ ይዘው ማርሴይ እንደገቡ ይታመናል። ነፃነትና በሽታ በአንድ መርከብ መጡ ማለት ነው። ፈንገሱ በቁስል፣ በመቁረጫ መሣሪያ፣ በሥርና በውኃ ይተላለፋል። የያዘውን ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድላል። መድኃኒት የለውም፤ ቆርጦ ማቃጠል ብቻ ነው ያለው። በደቡብ ፈረንሳይ 42,000 ያህል ፕላታኖች ከግራና ከቀኝ ያጠሉበት በነበረው በካናል ዱ ሚዲ በሽታው በ2006 ከታየ ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎች ተቆርጠዋል።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተከለ ከተማ አንድ በሽታ እስኪመጣ ነው የሚያምርበት። አሁን ተመራማሪዎች ፈንገሱን የሚቋቋም የፕላታን ዝርያ አውጥተዋል። በካናሉ ዳር ደግሞ የተለያዩ ዛፎች ተቀላቅለው እየተተከሉ ነው። ዘግይቷል፤ ግን መጥቷል።

ተካዩና ተቀማጩ

በነሐሴ 2003 ፈረንሳይን የመታው ሙቀት 15,000 ያህል ሰው ገድሏል። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጥላ የሽርሽር ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው ካለ እኛ አናውቀውም። ከ370 ዓመት በፊት የጌቶች ቅንጦት የነበረው ነገር ዛሬ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ሆኗል። ስለዚህ "ጥላው የማን ነው?" የሚለው ጥያቄም አላረጀም። ቡና ካልገዙ የማያስቀምጥ በረንዳ ሥር ያለ ጥላ የሁሉም ነው? በሰፊ ጎዳና መሃል ብቻ ተተክሎ በድሆች ሰፈር የሌለ ዛፍ የሕዝብ ዛፍ ይባላል?

ኩር ሚራቦ ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የለውም። ሁለት ነገር ግን ያሳየናል። አንደኛው፣ ለጥቂቶች የተሠራ ነገር ብዙዎች ሲረግጡት የብዙዎች ይሆናል፤ ሁለት መቶ ዓመት ሊፈጅ፣ ደም ሊያስከፍል ይችላል እንጂ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ጥላ አንዴ ተተክሎ የሚያበቃ ርስት አይደለም። ኤልሙን የተከሉት ሰዎች ድፍን ጥላውን ሳያዩ አልፈዋል። ፕላታኑን የተከሉትም እንዲሁ። ዛሬ በጉድጓድ ውስጥ ችግኝ የሚያቆም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም የልጅ ልጁ እንጂ እሱ ሥሩ አይቀመጥም።

እኛ ስለ ነገሥታቱና ስለ ተናጋሪዎቹ ብዙ አወራን፤ ሐውልት የቆመላቸውም እነሱ ናቸው። ችግኙን ይዘው ለቆፈሩት ግን በዚያ ጎዳና ላይ አንድም ሐውልት የለም። ያለው ጥላው ነው።